ቅጣቱ የእኛ ነው

ጥቅምት 6 ቀን

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ትንሽ አቅልጦኛል እንጂ የጎደለብኝ ነገር የለም።

በቅድሚያ ይቅርታ። ሳልሰናበትሽ መሄዴ ምን ያህል እንዳንገበገበሽ በላክሽብኝ ወረቀት ላይ ከደረደርሻቸው ቃለ አጋኖዎች ተረድቻለሁ። አስተማሪነቱ ጡረታ ወጥተሽም አልለቀቀሽም። ትእዛዙ የደረሰኝ ማታ ነው፣ አውሮፕላኑ የተነሳው በማግስቱ ጠዋት። አንቺን ልሰናበት ብመጣ ደግሞ ቁጭ በል፣ ብላ፣ ጠጣ ስትይ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ የሚነገረውን ያህል ልንገርሽ። እዚህ ያለው የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ከብዙ አገር የተውጣጣ ነው። ሰማያዊውን መለዮ ሁላችንም እናደርጋለን፤ ከመለዮው ሥር ያለው ራስ ግን የየአገሩ ነው። አንድ ወታደር ሲያጠፋ የተልዕኮው ሰዎች ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ሲብስባቸውም «ይህን ሰው ውሰዱልን» ይላሉ። መቅጣት ግን አይችሉም። ቅጣቱ የእኛ ነው። ስለዚህ ከልጆቻችን አንዱ ሲከሰስ መርማሪ ከአገር ቤት ይላካል፤ አሁን የተላክሁት እኔ ነኝ። ማን ተከሰሰ፣ በምን ተከሰሰ ብለሽ አትጠይቂኝ። መናገር አልችልም።

የምኖረው በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ዕቃ ይጫንበት ነበር፤ ኋላ መስኮት ቀደዱለትና ቢሮም መኝታም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጣራው ሲግል ወረቀቱ ክንዴ ላይ ይጣበቃል። ምስክር ሲመጣ አልጋዬን ከመጋረጃ ጀርባ አደርጋታለሁ፤ አንዳንድ ሰው የመጣበትን ነገር አልጋ እያየ ሊናገረው አይችልም።

ስልክ የማልደውለው ኮርቼ አይደለም። ለሻለቃው ጦር ሁሉ ያለችው አንዲት ስልክ ናት፤ ያለችውም ኮሪደር ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ እናቶቻቸውን ለማነጋገር ይሰለፉባታል። እኔ የማወራውን ሁሉ ከኋላዬ የተሰለፈው ሊሰማ ነው፤ ስለዚህ ስንቅ በሚያመጣው አውሮፕላን የሚመላለሰው ደብዳቤ ይሻለኛል።

ከግድግዳው ማዶ ያሉትን እትዬ መርፌን ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 20 ቀን

አንተ ጉደኛ ሻምበል፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ተረድቻለሁ» የምትለዋን ቃል በዚያ ክፉ የእጅ ጽሑፍህ እንደ ድሮው አጣምመሃታል፤ አርሜ ልልክልህ አስቤ ነበር፣ ግን ማዕረግህን አከበርኩልህ።

ጉልበቴ ያው ነው። ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል። ፖስታ ቤት የሚመላለሱልኝ አሁንም እትዬ መርፌ ናቸው፤ ደብዳቤህንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። እንደ ልማዳችን ቁጭ ብለው ቁልፍ እየተከሉ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ሳሚልኝ» የምትለው ላይ ስንደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እናታችን አልጋ ላይ በነበረችበት ጊዜ እነዚያን ሁለት ዓመታት አንተ ወታደር ቤት፣ እኔ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ስንውል፣ ያገላበጧትና ያጠቧት እሳቸው ናቸው። ይህን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ግን ሰው ሲያስታውሳቸው ደስ ይላቸዋል።

እኔን የደነቀኝ ሌላ ነው። አንተ ያለህበት ጦር የእትዬ መርፌ ልጅ፣ የድምቡሼ ጦር ነው ለካ! ልጃቸው አሥር አለቃ ሆኖ እዚያ ከደረሰ ስምንት ወሩ ነው። እንዴት አንድም ቃል ስለሱ አልጻፍክም? ያ በደረቱ እየተሳበ ቤታችንን ያጸዳ የነበረ ልጅ! ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ «ሸ»ን ትቶ «ሰ» እያለ ስንት ጊዜ እንዳሳቀን ታስታውሳለህ። አግኝተኸው ከሆነ ትከሻውን ነካ አድርገህ በርታ በለው። ታላቅ ወንድም የሚሆነው ሰው ያስፈልገዋል።

ለብቻህ አትብላ። ሙቀት ካለ ውሃ አትርሳ። ስለ ሥራህ አልጠይቅህም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ልጆቹን አታስጨንቅ፤ አገር ጥለው የሄዱ ልጆች ናቸው።

እህትህ


ኅዳር 2 ቀን

እታለም፣

ስለ ድምቡሼ ለጠየቅሽኝ፦ አግኝቼዋለሁ። ጤነኛ ነው፤ ስሙም ከላዩ አልወረደም፣ እንደ ድሮው ደንደን ያለ ነው። ሲያየኝ «ጋሼ» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ እባክሽ።

ቅር እንዳይልሽ። ባለፈው አውሮፕላን ሳልጽፍልሽ የቀረሁት አንዳች ነገር ስለከበደኝ ነው። እዚህ የሚያወያየኝ ሰው የለም። ከሻለቃው መኮንኖች ጋር አንድ ገበታ ላይ እበላለሁ፤ ማንኪያ ሲያነሱ ያዩኛል፣ እኔ ስገባ ጨዋታው ይቆማል። ከመጣሁ በኋላ አንድ ነገር ለአዛዡ ነግሬው ነበር፤ «ተከሳሹን አውቀዋለሁ፣ ሌላ መርማሪ ይላክ» ብዬ። ሳቀ። «እንዲያውም ጥሩ፣ ጸባዩን ታውቃለህ» አለኝ። ያን ቀን ሻንጣዬን ይዤ መመለስ ነበረብኝ።

ዛሬ ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጪ ካለችው የውሃ ቦኖ ሄጄ ነበር። የወታደሩን ልብስ የሚያጥቡት የአገሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት እዚያ ነው። ቦኖውን የሚጠብቀው ሽማግሌ የአገሩን ቋንቋ ከተሰባበረ የእኛ ቋንቋ ጋር እየቀላቀለ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። በዓይኑ አይቷል። ሌላ ያየ ሰው የለም። ቃሉ በመሐላ እንዲጻፍ ግን ከተልዕኮው ዋና መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ መምጣት አለበት፤ የሚደርሰውም በዚህ ወር መጨረሻ ነው አሉኝ። እስከዚያ ሽማግሌውን ክፉ እንዳያገኘው እየለመንኩ አለሁ።

እታለም፣ ሰው እንዴት ነው ያሳደገውን ልጅ የማያውቀው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ። ደክሞኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 16 ቀን

ወንድሜ፣

ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ? እኔ ከአንተ አፍ መስማት ሲገባኝ ከሰው አፍ ሰማሁ።

ደብዳቤህን ያነበብኩ ቀን እትዬ መርፌ ቦኖው ጋ ስደርስ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉ። «ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሥራ አለብኝ ብለው ሸሚዙን ከነግማሽ ቁልፉ ይዘው ሄዱ። ቅዳሜ ልጃቸው ሲደውል ከወትሮው የበለጠ አወሩ፤ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ታውቃለህ፣ ድምፃቸው ሲወጣና ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። እሑድ ጠዋት እንባቸውን እያዘሩ መጥተው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በግድ አነሳኋቸው። እኔ እግሬ ላይ እንዲወድቁ ነው እሳቸው እናቴን ያጠቡት?

ተከሳሹ ድምቡሼ ነው አሉኝ። ጠያቂው ደግሞ አንተ። «የሰፈር ልጅ በሰፈር ልጅ ላይ እንዴት ይፈርዳል?» አሉኝ።

ስለዚህ ለእኔ ብለህ፣ ለእናታችን ነፍስ ብለህ ልጁን አውጣው። ውሸት ጻፍ አላልኩህም። ግን እኛ ደብተር ስናርም እንኳ ግማሽ ነጥብ እንሰጥ የለም? ልጅ ነው። ከሳሾቹም ገንዘብ ፈልገው ይሆናል፤ እዚያ አገር ድህነት አለ ይባላል። ቤታቸው ድረስ ትልልቅ ሰዎች ልካችሁ ይቅርታ ብትጠይቁስ?

እትዬ መርፌ ከእሑድ ወዲህ አልመጡም። ከታች ውሃ የሚያወጣልኝ የለም። ግን ለራሴ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ብለህ እንዳታስብ።

እህትህ


ኅዳር 26 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቦኖ ጠባቂው ቃሉን ባጠፈ ማግስት ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ድርሻ አለሽ። አስተርጓሚዋ ከዋና መሥሪያ ቤት መጣች። ሽማግሌው ገባ። አልጋዬን ጋርጄ፣ ውሃ ቀድቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ዓይኔ ደካማ ነው» አለ፣ «ያን ቀን ያየሁት ነገር የለም።» ዝቅ ብዬ እግሩን ሳይ አዲስ ከስክስ ጫማ ተጫምቷል። የእኛ ጫማ ነው፣ ከእኛ መጋዘን የወጣ። ባዶ እግሩን የማውቀው ሰው! ጫማው ሰፍቶት ሲወጣ ይንሸራተት ነበር። በር ላይ ዞር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ «የልጅ ልጆች አሉኝ ነው የሚለው» አለችኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስለ ሽማግሌው ለሰው ተናግረሻል ወይ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ደብዳቤሽ ቀደመኝ። «ድገሚልኝ አሉኝ፣ ደገምኩላቸው።» እንዲህ ብለሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል።

ተናድጄ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛው ላይ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። በጥቅምቱ ደብዳቤሽ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው ነግረሽኛል። አነበብኩት፣ ፈገግ አልኩ፣ አለፍኩት። በእኛ ቤት ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚነበበው፤ አባታችን ከሥራ ቦታው ሲጽፍ እንኳ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር የሚሰማው። መርማሪ ነኝ እያልኩ የምስክሬን ነገር ጽፌ ለተከሳሹ እናት ጆሮ ላክሁ። እንዲህ ያለ ስህተት ከእኛ ቤት ልጅ በቀር ማንም አይሠራም።

ለይቅርታ ሰው ላኩ ላልሽውም መልስ አለኝ። ልከዋል። የሻለቃው ሰዎች ከእኔ ጀርባ ዱቄትና ስኳር አስጭነው የከሳሿ አጎት ቤት ሄደዋል። አጎትየው ተቀብሏል። እሷ አልተቀበለችም።

ከአሁን በኋላ ምስጢር የለውምና ክሱን ልንገርሽ፦ ሴትን ማስገደድ ነው። ከሳሿ ልብስ አጣቢ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የነገረችኝን ሁሉ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ከፈለግሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ወንድሜ፣

አልፈልግም። አትጻፍልኝ። እጄ ላይ ቢመጣም አላነበውም።

ስለ ሽማግሌው ይቅር በለኝ። ይህን አፌን ሞልቼ እላለሁ፦ አጥፍቻለሁ። አርባ ዓመት ልጆችን «ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ» ስል ኖሬ እኔው ምላሴን መያዝ አቃተኝ። ሰውየው ጫማው ውስጥ ሲንሸራተት በሐሳቤ እያየሁት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ግን ሌላውን ልሰማ አልችልም። አንተ መኮንን ነህ፣ ሰምተህ ትጽፈዋለህ፣ ትፈርማለህ፣ ወደ ሌላ አገር ትዛወራለህ። እኔ እዚህ ግድግዳ ሥር ነኝ። ድምቡሼን በእጄ አጉርሻለሁ። ትኩሳት ሲይዘው በእኔ አልጋ ላይ ተኝቷል። እሷ ያለችህን ከሰማሁ ያን ሁሉ ምን ላድርገው? የትስ ልጣለው? እባክህ ልጁን እንደማውቀው ልያዘው፤ ሌላ የያዝኩት የለኝም። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

እትዬ መርፌ ሰላምታ ነስተውኛል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጥላቸውን ወደ እኔ በኩል ዘርግተው ያልፋሉ፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ። ሐሙስ ዕለት ባልዲ ይዤ ወርጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የታችኛው ቤት ተከራይ አገኘኝና አወጣኝ። በዚህ ትስቃለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እኔም ኋላ ስቄአለሁ።

ያሰብከውን አድርግ። እኔን አትጠይቀኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

እታለም፣

አልሳቅኩም።

ለተከራዩ የድካሙን እኔ እከፍላለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ እንዲያወጣልሽ ለምኚው። አንድም ቀን ባልዲ እንዳታነሺ።

ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። ልጅቷ ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩ፤ የመረመረቻት ሐኪም ያየችውንም፣ ስለ ጫማውም፣ ስለ ዱቄቱም። የቦኖ ጠባቂው ነገር እንዴት እንደወጣ ስጽፍ ደግሞ «በመርማሪው ጥፋት» ብዬ ጻፍኩ። አንቺን አላነሳሁም። አዛዡ አንብቦ «ይህቺን አውጣት፣ ራስህን ለምን ትሰቅላለህ?» አለኝ። አላወጣኋትም።

የተልዕኮው ሰዎች የበኩላቸውን አድርገዋል፤ ድምቡሼ ተመልሶ እዚህ እንዳይሠራ ከልክለው ወደ አገር ይመለስ ብለዋል። የሚሄደው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ቀሪው የእኛ ነው፤ የአገር ቤት አዛዦች ሪፖርቴን ያያሉ፣ ይወስናሉ።

ልጅቷን ጠርቼ ይህን አስረዳኋት። እጇ በሳሙና የተላጠ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው እያየችው ትሰማኝ ነበር። «ፍርዱ የሚሰጠው የት ነው?» አለችኝ። በእኛ አገር አልኳት። «በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለች። በእግር አይደረስም አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እንግዲያው ምን እንዳሉት ማን ይነግረኛል?» አለች። እኔ እነግርሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

እታለም፣ አልሰማም ማለትሽን አልፈርድብሽም። ግን ስትናገር ፊቷን ብታይው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ከቁጣ ይልቅ ድካም ነው ያለው። ለተልዕኮው ሰዎች፣ ለሐኪሟ፣ ለእኔ፣ ለአስተርጓሚዋ፣ ያንኑ ነገር አራት ጊዜ ተናግራዋለች። ሁላችንም «አመሰግናለሁ» ብለን ሸኝተናታል።

ወንድምሽ


ጥር 24 ቀን

ወንድሜ፣

ከታኅሣሥ ወዲህ ለላክሃቸው ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎች በአንድ ስመልስ ይቅር በለኝ። ስለ ውሳኔው ሁለቴ ጠይቀኸኛል፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው የዘገየሁት። መሥሪያ ቤትህ የማይነግርህን ከእኔ መጠበቅህ ራሱ ገርሞኛል።

ድምቡሼ ቤቱ ነው። አንድ ማዕረግ ዝቅ አድርገው ሁለት ሳምንት አሰሩትና ለቀቁት፤ አሁን እዚሁ ከተማ ጦር ሰፈር ተመድቦ ማታ ማታ እናቱ ጋ ያድራል። የተቀጣበት ወረቀት ላይ «ያለ አዛዥ ፈቃድ ከሰፈር በመውጣት» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። እኔ ራሴ ነኝ ያነበብኩላቸው፤ እትዬ መርፌ አንብቢልኝ ብለው አመጡልኝ። አዎ፣ መጥተዋል። «ይኸው፣ ንጹሕ ነው አላልኩሽም?» ብለው አንገቴን አቀፉኝ። ሲያቅፉኝ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ሌላ አላውቅም። ናፍቀውኝ ነበር።

ለመግባቱ ግብዣ አደረጉ፣ ሄድኩ። ወንበር ከየቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ድምቡሼ ጉልበቴን ስሞ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ጠፍቼ ነበር» አለኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ያጎረሰኝን ጉርሻ ግን ውሃ ስጡኝ ብዬ አሳለፍኳት።

እንግዲህ አልፏል። አንተም ተወው። ይግባኝ ምናምን እያልክ እንዳትቀሰቅሰው። ልጁ ተለውጧል፣ ዝምተኛ ሆኗል።

እህትህ


የካቲት 10 ቀን

እታለም፣

አጭር ደብዳቤ ነው። ከምርመራ ሥራ አንስተው እዚሁ ወዳለው የስንቅ መጋዘን አዛውረውኛል። የተነሳሁበት ምክንያት ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ጠዋት ጠዋት ጣሳ እቆጥራለሁ።

ውሳኔውን እስካሁን በይፋ የነገረኝ የለም። የተልዕኮው ሰዎችም አያውቁም፤ ጽፈው ጠይቀዋል፣ «ተገቢው እርምጃ ተወስዷል» የሚል መልስ መጥቶላቸዋል። ሙሉውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ከእህቴ ደብዳቤ።

ልጅቷ አርብ አርብ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ትጠይቀኝ ነበር። ባለፈው አርብ ነገርኳት። ማዕረግ፣ እስር፣ ያለ ፈቃድ መውጣት። ያለ አስተርጓሚ ነው፤ በምታውቃት ትንሽ የእኛ ቋንቋ ነው የሰማችው። «የተቀጣው አዛዡን ሳይጠይቅ ስለወጣ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «ስለ እኔስ?» አለች። ስለ አንቺ የተጻፈ የለም አልኳት። እንደሷ ያለ ሰው ይጮኻል፣ ይረግማል ብዬ ጠብቄ ነበር። የታጠበውን ልብስ እንደታቀፈች «እሺ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

አልፏል ብለሽኛል። ለማን እንዳለፈ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 12 ቀን

ወንድሜ፣

ላለፈው ጥያቄህ መልስ ስፈልግ ወር አለፈኝ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካስቸገረህ ታገሰው፣ እኔም የአንተን ስንት ዓመት ታግሻለሁ።

እትዬ መርፌ የደንብ ልብስ ስፌት በዝቶባቸው ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ቀጥረው ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሥራ ልትለምድ የመጣች፣ እዚህ ከተማ ዘመድ የሌላት። የምታድረው ከመስፊያ ክፍሉ ጀርባ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቁርሴን ስበላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች። «እማማ፣ እዚህ ልደር?» አለችኝ። «አሁን እኮ ጠዋት ነው ልጄ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ለማታ ነው። ቦታ ካለ ከአሁኑ ልያዝ ብዬ ነው» አለች።

ማን ምን አደረገሽ አልኳት። የእነሱንና የእኛን ቤት የሚለየውን ግድግዳ አየች። ያኔ ማን እንደሆነ ገባኝ። ወንድሜ፣ ምን ልል እንደነበር ልንገርህ፤ «አትንገሪኝ» ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። በግድ ዋጥኳትና «ግቢ» አልኳት።

ወደ እኩለ ቀን እትዬ መርፌ መጡ። «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ያልተዘመዘመ ቀሚስ አለ» አሉኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ የምታድረው እዚህ ነው» አልኳቸው። አዩኝ። ያወቁ ይመስለኛል፤ ካወቁም ቆይተዋል። «እናትሽን ያጠበ እጅ ነው የምትገፊው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያ ውለታ ዕድሜ ልኬን አንገቴ ላይ ይኖራል። ግን ከበሩ አልተነሳሁም። ተመልሰው አልመጡም፤ የሚመጡም አይመስለኝም።

ሰኞ ልጅቷ በአንድ እጇ ደግፋኝ፣ በአንድ እጄ ከዘራ ይዤ ጦር ሰፈሩ ሄድን። በር ላይ ያለው መኮንን የድምቡሼን ነገር ስነግረው «የማን ወገን ናችሁ?» አለኝ። «የእሱ» አልኩት፣ «ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።» የቀድሞው መዝገብ ተዘግቷል አለ፤ የውጪ አገሩ ጉዳይ አይነሳም፣ አዲስ ነገር ካለ ግን ተበዳይዋ ራሷ ትናገር አለ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መስኮቱ የማይከፈት። አንዲት ወጣት መቶ አለቃ እስክሪብቶ አነሳች። እኔ ልውጣ ብዬ ስነሳ ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

ተናገረች። አንድም ቃል ሳላቋርጣት ሰማሁ። በመሐል ሁለት ጊዜ ጆሮዬን ልይዝ አሰብኩ፤ እጄ በእጇ ውስጥ ስለነበር አልቻልኩም። ስትናገር ሰውየው ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው መሰለኝ፤ ሳቁን ግን ስትነግረኝ አወቅኩት። እኔ ቤት የሳቀው ሳቅ ነው።

አሁን ይዘውታል። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ «እንጠራችኋለን» ብለውናል። መቶ አለቃዋ ስንወጣ «አመሰግናለሁ» አለችን፤ የጻፍክልኝ ትዝ አለኝና ቆሜ ቀረሁባት። «መልሱን ለልጅቷ ማን ይነግራታል?» ብዬ ስሟንና ቢሮዋን ካልጻፈችልኝ አልወጣም አልኳት። ጻፈችልኝ።

ለዚያች ልብስ አጣቢ ምን እንደምትላት አላውቅም። የምታገኛት ከሆነ ከእኔ ይህን ንገራት፦ ታሪኳን ስሚ ብለኸኝ አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ የእሷን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ፣ ይቺኛዋ ልጅ ዛሬ እኔ ቤት ወለል ላይ ባልተኛች።

እህትህ